መጅ የያዙት ሁለት ሴቶች

እማዬ ከአዲስ አበባ ልትጠይቀኝ የመጣች ሰሞን፣ ከዲሲ አውቶቡስ ይዘን ኒው ዮርክ ሄድን። ሜትሮፖሊታን ሙዚየም የገባሁት ከግብፅ የመጣውን የዴንዱርን ቤተ መቅደስ ላሳያት ብዬ ነበር። እዚያ ሳንደርስ እማዬ አንድ መስታወት ፊት ቆማ ቀረች።

«ይቺን ተመልከቻት! እየፈጨች እኮ ነው!»

በሁለት እጅ ታቅፎ የሚነሳ የእንጨት ሳጥን ነው። ውስጡ ዳቦ ቤትና ጠላ ቤት አለ። ሜኬትሬ የሚባል የግብፅ ባለሥልጣን መቃብር ውስጥ በፈረንጆች 1920 የተገኘ ነው። መቃብሩን ሌቦች ዘርፈውት ነበር፤ ይሄ ግን የተደበቀ ክፍል ውስጥ ስለነበር ተረፈ። ዕድሜው 4000 ዓመት ገደማ ነው። ሰውየው በወዲያኛው ዓለም እንዳይራብ፣ እንጀራው የሚሠራበትን ቤት ከነሠራተኞቹ አሳንሰው አብረውት ቀበሩለት። በሩ ጋ ዱላ የያዘ አለቃ ተቀምጧል። ወንዶቹ እህል ይወቅጣሉ፣ ሊጥ ይረግጣሉ። ወፍጮው ላይ ያጎነበሱት ግን ሴቶች ናቸው።

እማዬ ያደገችው ሰሜን ሸዋ ገጠር ነው። ሰፈራቸው የሞተር ወፍጮ ከመግባቱ በፊት ፈጭታለች።

«መጁን ከትከሻሽ ነው የምትገፊው» አለችኝ። «በክንድ ብቻ ካልሽ አንድ ቁና ሳትጨርሺ ትወድቂያለሽ። ድንጋዩ ሲለሰልስ ደግሞ ይወቀራል። የተወቀረ ዕለት ዱቄቱ አሸዋ አሸዋ ይላል።»

የጥንት ግብፃውያን ጥርስ ተበልቶ የሚገኘው አንዱ ምክንያት እኮ ይሄው ነው፤ ዳቦው ውስጥ የሚገባው ድንጋይና አሸዋ። ይፈጩት የነበረው ገብስና አጃ እንደሆነ ስነግራት «የኛው አጃ?» አለች። አዎ፣ የከተማው በፓኮ የሚሸጠው ሳይሆን ያ ስንዴ መሳዩ አጃ።

ግብፆች ያገባችን ሴት «ነበት ፐር» ይሏት ነበር። የቤት እመቤት ማለት ነው፤ ቃል በቃል ከእኛው ጋር አንድ። እነዚህ የሚፈጩት ሴቶች ግን የማንም እመቤት አይደሉም። እመቤቲቱ እንድትቀመጥ ነው እነሱ የሚያጎነብሱት።

ከዚያ ሰሜን ሶርያ፣ ኤፍራጥስ ዳር ስለነበረችው የጥንት መንደር፣ ስለ አቡ ሁሬይራ ነገርኳት። ዛሬ ቦታዋ በግድብ ውሃ ተውጧል። ከመዋጧ በፊት የወጡትን የድንጋይ ዘመን አፅሞች ቴያ ሞለሰን የምትባል ባለሙያ መረመረቻቸው። የእግር አውራ ጣታቸው መገጣጠሚያ ተጎድቷል፤ ጉልበታቸውና ወገባቸውም እንዲሁ። ጉዳቱ በብዛት የታየው ሴቶቹ ላይ ነው። መሬት ላይ ተንበርክከው፣ ጣታቸውን አጥፈው፣ በየቀኑ ለሰዓታት ወደፊትና ወደኋላ ሲገፉ ኖረው ነው አጥንታቸው እንደዚያ የሆነው። ይሄንን መጀመሪያ ያነበብኩ ዕለት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ማንም ያልጻፈላቸውን ሥራ አጥንታቸው ይዞት ቆይቷል።

«እኛስ መደብ ነበረን» አለች እማዬ ቀስ ብላ። «ወፍጮው ከፍ ይላል፤ ቆመሽ ነው። እሱም ወገብ ይቆርጣል።» ግብፆችም ኋላ ላይ ወፍጮውን መደብ ላይ አውጥተውታል።

እንደገና ወደ መስታወቱ ጠጋ አለች።

«ዝም ብለው ነው እንዴ የሚፈጩት? እኛ ሌሊት ተነስተን ስንፈጭ እናንጎራጉር ነበር። ካላንጎራጎርሽ አይነጋም።»

ከዚያ በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ ጀመረች። ግጥሙን አላውቀውም፣ ሰምቼውም አላውቅም። ሁለት እጇ ቦርሳዋ ላይ ወደፊት፣ ወደኋላ ይል ነበር። ዘበኛው አየን፣ ምንም አላለም። የዴንዱርን ቤተ መቅደስ ሳናይ ሰዓቱ ሞላ።