ቁም ጽሕፈት በላፕቶፕ ስክሪን ላይ፦ እስካሁን ያስተካከልኩት

ተች ስክሪን ባለው ላፕቶፕ ላይ በፔን ቁም ጽሕፈት፣ ማለትም የብራና መጻሕፍታችንን የእጅ አጻጻፍ፣ እየተለማመድኩ ነው። የምጠቀመው ክሪታ የተባለውን የሥዕል ፕሮግራም ነው። ነፃ ነው፣ ለዚህ ሥራም ከበቂ በላይ ነው። ብዙው ልፋት የፊደሉ ሳይሆን የሴቲንጉ ስለሆነ የደረስኩበትን ላካፍላችሁ።

መጀመሪያ መዳፍ። ስንጽፍ መዳፋችን ስክሪኑ ላይ ያርፋል። ኮምፒውተሩ ደግሞ ጣት የነካው ይመስለውና ገጹን ያንሸራትተዋል። የኔ ማሽን ዊንዶውስ 10 ነው። ሴቲንግ፣ ዲቫይስስ፣ ከዚያ ፔን ኤንድ ዊንዶውስ ኢንክ ውስጥ ስትገቡ፣ በፔን ስትሠሩ የእጅ ንክኪን እንዲተው የሚያደርግ ምርጫ አለ። አብሩት። እዚያው በየትኛው እጅ እንደምትጽፉም ይጠይቃል። ግራኝ የሆናችሁ እንዳታልፉት፤ ሜኑው በእጃችሁ እንዳይሸፈን ይረዳል።

ቀጥሎ ያቺ ቀለበት። ፔኑን አንድ ቦታ ላይ ትንሽ ካቆያችሁት ቀለበት ትወጣና የራይት ክሊክ ሜኑ ይከፈታል። ቁም ጽሕፈት ቀስ ተብሎ የሚጻፍ ነውና ይሄ በጣም ያናድዳል። ኮንትሮል ፓነል፣ ፔን ኤንድ ተች፣ ፕረስ ኤንድ ሆልድ ገብታችሁ አጥፉት።

ፔኑ እየጻፈ ግፊት ካልለየ፣ ክሪታ ውስጥ ኮንፊገር ክሪታ፣ ታብሌት ሴቲንግስ ላይ ከዊንታብ ወደ ዊንዶውስ ኢንክ (ሁለቱም ፕሮግራሙ ፔኑን የሚያነብባቸው መንገዶች ናቸው) ወይም በተቃራኒው ቀይሩና ፕሮግራሙን ዘግታችሁ ክፈቱት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ክሪታ ውስጥ ብዙዎቹ ብሩሾች የሚወፍሩት ስትጫኗቸው ነው። የብራና ጸሐፊዎቻችን መሣሪያ ግን መቃ ብዕር ነው። ጫፉ ጠፍጣፋ ሆኖ ይቀረጻል። ቋሚው መስመር የሚወፍረው፣ አግድሙ የሚቀጥነው በጫፉ ስፋትና በአያያዙ ነው። ስለዚህ ግፊቱን ከውፍረቱ ጋር አለያየሁት። ኤፍ5 ስትጫኑ የብሩሽ ማስተካከያው ይከፈታል። ሳይዝ ላይ የፔን ግፊቱን አጠፋሁ። ብሩሽ ቲፕ ላይ ሬሾውን፣ ማለትም የጫፉን የቁመትና የወርድ ምጣኔ፣ ከ1 ወደ 0.2 አካባቢ አወረድኩት፤ ክቡ ጫፍ ተጠፈጠፈ። ስፔሲንጉንም (ብሩሹ በሚያትማቸው ነጥቦች መካከል ያለውን ርቀት) ዝቅ አደረግኩት፣ አለዚያ መስመሩ የተቆራረጠ ይመስላል።

መፈተኛዬ «ዐ» ናት። ጎንና ጎኗ ወፍሮ፣ ላይና ታቿ ቀጥኖ ሲወጣ ደስ አለኝ። ከዚያ በኋላ የ«መ» እና የ«ጠ» እግሮች ራሳቸው መልክ ያዙ። በእውነት ከብሩሹ በፊትና በኋላ የጻፍኩት የአንድ ሰው እጅ አይመስልም።

ከኮምፒውተር ጋር የሚገናኝ፣ ስክሪን የሌለው የመሳያ ታብሌት ያላችሁም በ«ዐ» ፈትኑ። ለምሳሌ የዋኮም ኢንቱዎስ ትንሹ 152 በ95 ሚሊሜትር የመጻፊያ ቦታ አለው፤ 16 ለ10 ማለት ነው። አብዛኛው ስክሪን ደግሞ 16 ለ9 ነው። እንዲሁ ከተተወ ክቡ ወደ ጎን ይለጠጣል። በዋኮም ሴቲንግ ውስጥ ፎርስ ፕሮፖርሽንስ የሚለውን ምረጡ። ከታብሌቱ ቁመት ወደ 1 ሴንቲሜትር ገደማ ታጣላችሁ፣ ፊደሉ ግን አይዛባም።

አሁን ሐረግ፣ ማለትም የብራና ገጾችን የሚያስጌጠውን የተጠላለፈ ሥዕል፣ ጀምሬያለሁ። እዚህ ላይ ግፊቱን መልሼዋለሁ፤ ጫፉ እየሳሳ የሚያልቅ መስመር ያስፈልጋላ። እጄ ስለሚከብድ ታብሌት ሴቲንግስ ውስጥ ያለውን የግፊት ከርቭ (የእጅ ግፊት ምን ያህል እንደሚቆጠር የሚወስነውን መስመር) ወደ ታች ጎተት አድርጌዋለሁ፣ ገና አልረካሁበትም። በፔን ሐረግ የሳላችሁ ካላችሁ የናንተ ከርቭ ምን እንደሚመስል አሳዩኝ።