ከቦሌ ለንደን ላይ ድምፅ መስጠት፦ እኔ በውክልና፣ ባለቤቴ በፖስታ

ለሁለት ዓመት ከምናምን በዓለም ላይ የትም ቦታ መምረጥ የማልችል ሰው ሆኜ ኖሬያለሁ። ወንጀል ሠርቼ አይደለም። የእንግሊዝ ፓስፖርት አለኝ። ቦሌ ቤት አለኝ። መሳቢያዬ ውስጥ ለትውልደ ኢትዮጵያውያን የሚሰጠው ቢጫ ካርድ አለኝ። ቢጫ ካርዱ ያለ ቪዛ ያስገባኛል፣ ያለ ሥራ ፈቃድ ያሠራኛል። መምረጥና መመረጥ ላይ ሲደርስ ግን አዋጅ ቁጥር 270/1994 ቁርጡን ይነግረኛል፦ አይቻልም። እንግሊዝ ደግሞ «ከወጣህ 15 ዓመት ሞላህ፣ በቃህ» አለችኝ። ከሁለት ያጣ ጎመን ማለት እኔ ነበርኩ።

አሁን ተመልሼ መራጭ ሆኛለሁ። እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ። ከእናንተም ውስጥ እንደኔ ፓስፖርቱን ቀይሮ የተመለሰ፣ ወይም ከለንደን ዱባይ የተሻገረ አይጠፋም። ከዚህ በኋላ ዓመቶቹ፣ ካልነገርኳችሁ በቀር፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ለንደን የገባሁት በ1992 ነው። ከእኔ በላይ ያለው ፎቅ ላይ አንድ ጋናዊ ይኖር ነበር። የመጣው ከእኔ ሦስት ዓመት ዘግይቶ ነው። በ1997፣ ቶኒ ብሌር ያሸነፈበት ምርጫ ቀን፣ ጠዋት ደረጃው ላይ አገኘሁት። ሙሉ ሱፍ ለብሷል። «ልመርጥ ነው» አለኝ። ዜግነት እንኳ የለውም! ለካ ጋና የኮመንዌልዝ፣ በአብዛኛው የቀድሞ የእንግሊዝ ግዛቶች የተሰባሰቡበት ማኅበር፣ አባል ናት፤ እንግሊዝ አገር በሕጋዊ መንገድ የሚኖር የኮመንዌልዝ ዜጋ ደግሞ ይመርጣል። ኢትዮጵያ አባል አይደለችም። ቅኝ አለመገዛታችን ኩራታችን ነው። የዚያን ቀን ጠዋት ግን ኩራቱ ትንሽ ጎመዘዘኝ።

ዜግነቱን በ2000 አገኘሁ። በ2001 ለመጀመሪያ ጊዜ መረጥኩ። ቦታው የሰፈሩ ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ነው። በሲባጎ የታሰረ እርሳስ አለ። እርሳስ! አንዱ ላጲስ ይዞ ቢመጣስ እያልኩ ስጨነቅ ዋልኩ። ሁለተኛው ምርጫዬ ሜይ 5 ቀን 2005 ነበር። በሐበሻ ምግብ ቤቶች ስለዚያ ምርጫ ያወራ ሰው ግን አላስታውስም። አሥር ቀን ቆይቶ የእኛው ግንቦት 7 ቀን 1997 ነበራ። መምረጥ የምንችልበትን ትተን መምረጥ በማንችልበት ስንከራከር እናድር ነበር።

በ2006 ለሚሌኒየሙ እንድረስ ብለን ጠቅልለን ገባን። ከዚህ በኋላ ያለውን ስናገር አፍራለሁ። ለ15 ዓመት ያህል ሕጉ ከውጭ ሆኜ እንድመርጥ ይፈቅድልኝ ነበር። 2010፣ 2015፣ 2017፣ 2019 ምርጫዎች አለፉ። አንዱንም አልመረጥኩ። ከሁሉ የሚቆጨኝ የ2016ቱ ሕዝበ ውሳኔ ነው። እንግሊዝ ከአውሮፓ ኅብረት ትውጣ ወይስ ትቆይ ሲባል እኔ ማኪያቶ ይዤ ለጓደኞቼ ትንታኔ እሰጣለሁ። 51.9 በመቶ ለ48.1 ሆኖ አለቀ። «ለመሆኑ አንተ መረጥክ?» አለኝ አንዱ። ማኪያቶዬን ጠጣሁ።

ሰው የሚፈልገውን የሚያውቀው ሲቀማ ነው መሰል፣ 15 ዓመቱ በ2021 ሲሞላ ደሜ ፈላ። ያኔ ነው ሕጉን ማንበብ የጀመርኩት። ውጭ የሚኖር እንግሊዛዊ እንዲመርጥ የፈቀደው የ1985ቱ ሕግ ነው፤ ያኔ ከወጣ 5 ዓመት ላልሞላው ብቻ። በ1989 ወደ 20 ዓመት ከፍ አደረጉት። ከ2002 ጀምሮ ደግሞ ወደ 15 አወረዱት። እንደ ላስቲክ ሲስቡትና ሲለቁት የኖሩት ቁጥር ነው።

ሃሪ ሺንድለር የሚባሉ ሽማግሌ ታሪክም ያኔ ደረሰኝ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተዋጉ፣ ከ1982 ጀምሮ ኢጣሊያ የኖሩ ሰው ናቸው። የ15 ዓመቱን ገደብ ስትራስቡርግ፣ የአውሮፓ የሰብአዊ መብት ፍርድ ቤት ድረስ ሄደው ከሰሱ፤ በ2013 ተረቱ። ለሕዝበ ውሳኔው እንዲመርጡ በለንደን ፍርድ ቤት ተከራከሩ፤ እዚያም ተረቱ። በመጨረሻ ፓርላማው በ2022 ገደቡን የሚያነሳ ሕግ አወጣ። ሽማግሌው በ2023 መጀመሪያ፣ በ101 ዓመታቸው፣ ሕጉ ሥራ ላይ ሳይውል አረፉ። ሥራ ላይ የዋለው ጃንዋሪ 16 ቀን 2024 ነው። በእኛ ጥር 7፣ የሥላሴ ዕለት።

ያን ቀን ለንደን ያለችው የክርስትና ልጄ መልእክት ላከችልኝ። «አባባ፣ እንኳን አደረስዎ። ደግሞ መራጭ ሆነዋል!»

ለምን ግድ አለህ ትሉኝ ይሆናል። ሁለት ነገር አለ። አንደኛው ጡረታ ነው። ለንደን 14 ዓመት የከፈልኩበት የመንግሥት ጡረታ አለ። እዚያ ለሚኖር፣ አሜሪካ ወይም አውሮፓ ኅብረት አገር ለሚኖር ጡረተኛ በየዓመቱ ይጨመርለታል። ኢትዮጵያ ለሚኖር አይጨመርም። መጀመሪያ በተከፈለህ ልክ ቀዝቅዞ ይቀራል፣ እስክትሞት። ካናዳና አውስትራሊያ ያሉትም ዕጣቸው ይኸው ነው። ሁለተኛው የእህቴ ልጅ ናት። ባሏ እዚህ ነው። እሱን ለመውሰድ የሚጠየቀው ዓመታዊ ገቢ በኤፕሪል 2024 ከ18,600 ወደ 29,000 ፓውንድ ዘለለ። ሁለቱንም የሚወስነው ያ ፓርላማ ነው።

ይህን ሁሉ እያወቅኩ ነገ ነገ እያልኩ አራት ወር አሳለፍኩ። ሜይ 22 ቀን የያኔው ጠቅላይ ሚኒስትር ሪሺ ሱናክ ዝናብ ላይ ቆሞ ምርጫ ጠራ። ኮቱ ሲበሰብስ በቴሌቪዥን እያየሁ ነው የባነንኩት። ምርጫው ጁላይ 4። ምዝገባ የሚዘጋው ጁን 18። አንድ ወር እንኳ የለም።

ምዝገባው በኢንተርኔት ነው። የፓስፖርት ቁጥር፣ የናሽናል ኢንሹራንስ ቁጥር፣ የልደት ቀን፣ እንግሊዝ አገር መጨረሻ የኖርክበት አድራሻ። ድምፅህ የሚቆጠረው እዚያ ትተኸው በሄድከው ሰፈር ነው። ፈረንሳይ ውጭ ላሉ ዜጎቿ 11 የፓርላማ ወንበር መድባለች። እንግሊዝ የላትም። የአሁኑን ስልኬን ሰው ሲጠይቀኝ ቆም ብዬ አስባለሁ፤ የዚያን ቤት ፖስት ኮድ ግን ሳልደናቀፍ ጻፍኩት። የከበደኝ የለቀቅኩበት ቀን ነው። ባለቤቴ ከማድ ቤት ጮኸች፦ «የኅዳር ሚካኤል ማግሥት! ቤቱ ውስጥ የመጨረሻ ቡና ያፈላሁት ለሚካኤል አይደል?» አስልቼ ኖቬምበር 22 ቀን 2006 ብዬ ሞላሁ።

ከአራት ቀን በኋላ ከካውንስሉ፣ ከድሮ ሰፈሬ አስተዳደር፣ ኢሜይል መጣ። ስሜን ከድሮ መዝገብ ጋር ማመሳከር አልቻሉም። እዚያ አድራሻ መኖሬን የሚያሳይ ሰነድ ላክ አሉ። ሰነድ ከሌለህ ዘመድህ ያልሆነ፣ የተመዘገበ መራጭ ይመስክርልህ አሉ። እኔ ወረቀት አስቀምጬ አላውቅም። ባለቤቴ ግን የምትጥለው ወረቀት የለም። ስንጨቃጨቅበት የኖርነውን ትልቁን ሻንጣ ከአልጋ ሥር ጎትታ አወጣችው። የጋዝ ሒሳብ፣ የካውንስል ታክስ ደረሰኝ፣ የልጆቹ የክትባት ካርድ፣ ጊዜው ያለፈበት የአውቶቡስ ካርድ። የ2005ቱን የካውንስል ታክስ ወረቀት በስልክ ፎቶ አንስቼ ላክሁ። ከሳምንት በኋላ ሁለታችንም ተመዘገብን። የምርጫ ክልሌ ስም ግን የማውቀው አልነበረም። ወሰኖቹን ለዚያ ምርጫ እንደ አዲስ ሸንሽነዋቸዋል።

እዚህ ላይ ነው እኔና ባለቤቴ የተለያየነው። ከውጭ የሚመርጥ ሰው ወይ የምርጫ ወረቀቱ በፖስታ ይላክለታል፣ ወይ ውክልና ይሰጣል። እኔ ውክልና አልኩ። እሷ ፖስታ አለች።

«ለማን እንደምመርጥ ለሌላ ሰው ልንገር? ምኑን ምስጢር ሆነ ታዲያ?»

«የክርስትና ልጃችን ናት እኮ!»

«ልጃችን ስለሆነች ነው እንጂ!»

ሐሳቧ ትክክል ነው፤ አልካድኩም። ግን አስሉት። ዕጩዎቹ የሚታወቁት ጁን 7 ነው። ከዚያ ወረቀቱ ይታተማል። ከዚያ በአየር አዲስ አበባ ይመጣል። እኛ ቤት ፖስተኛ አያንኳኳም፤ ያለን የፖስታ ሳጥን ቁጥር ነው። ሞልታ መልሳ ስትልከው ደግሞ ጁላይ 4 ከምሽቱ በእነሱ 10 ሰዓት በፊት ካልደረሰ አይቆጠርም። ይህን ሁሉ ነገርኳት። «ፖስታ ቤቱን አትናቅ» አለችኝ።

የእኔ ውክልና አሥር ደቂቃ አልፈጀም። ውክልና ሲባል እኔ የማውቀው የሰነዶች ማረጋገጫን ወረፋ ነው። ቲተር፣ ምስክር፣ ኮፒ፣ «ሲስተም የለም»። እዚህ የተጠየቅኩት በነጭ ወረቀት ላይ በጥቁር እስክሪብቶ የፈረምኩትን ፎቶ አንስቼ እንድልክ ነው። ፊርማዬ በአማርኛ ነው። ማንም ምንም አላለኝም።

የሳትኩት ነገር አለ። የክርስትና ልጄ የምትኖረው ደቡብ ለንደን ነው። የእኔ የድሮ ሰፈር ሰሜን ነው። ተወካይ ድምፅ የሚሰጠው የወካዩ ጣቢያ ድረስ ሄዶ ነው። ተወካዩ ራሱ በፖስታ ይምረጥልኝ ማለት እንደሚቻል ያወቅኩት ጊዜው ካለፈ በኋላ ነው። ልጅቷ ጠዋት ሰፈሯ የራሷን መርጣ፣ ሥራ ውላ፣ ማታ ሁለት ባቡር ቀይራ ለእኔ ሄደች። ከጣቢያው ፊት ለፊት ደወለችልኝ።

«አባባ፣ ሐሳብዎን አልለወጡም?»

«አልለወጥኩም። ካንቺ ጋር እንደማንስማማ አውቃለሁ።»

«ምንም አይደለም። የእርስዎ ነው» አለችና ዘጋችው።

መታወቂያ የተጠየቀችው የራሷን ነው፤ መንጃ ፈቃዷን አሳየች። መዝጋቢዋ ሴትዮ የአባቴን ስም ለማንበብ ሦስት ጊዜ ሞከረች አለችኝ። በ2001 የመረጥኩበት ያው አዳራሽ ነው። እርሳሱም አለ። ለማን እንደሆነ እዚህ አልጽፍም፤ ለአንድ ሰው መናገሬ ይበቃል። ከሌሊቱ 6 ሰዓት፣ በእነሱ ምሽት 10 ሰዓት፣ ጣቢያዎቹ ሲዘጉ ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጬ ነበር። ሌበር ፓርቲ በሰፊው እንደሚያሸንፍ ግምቱ ወጣ። ከ19 ዓመት በኋላ የእኔም ምልክት ከዚያ ክምር ውስጥ አለች።

የባለቤቴ ፖስታ ሳጥናችን ውስጥ የተገኘው ጁላይ 16 ነው። ኪር ስታርመር ጠቅላይ ሚኒስትር ከሆነ አሥራ አንድ ቀን አልፎታል። ቀድጄ ላየው ስል ከእጄ ነጠቀችኝና ሻንጣው ውስጥ ከጋዝ ሒሳቡ ጋር ከተተችው።

በመከር ወራት ለፓርላማ አባሌ ስለ ጡረታው ጻፍኩ። ከስሜ ሥር የድሮውን ፖስት ኮድ አስገባሁ፤ አለበለዚያ ከክልላቸው መሆንህን አያውቁም። መልስ መጣ። ለብዙ ሰው የተላከ ዓይነት ደብዳቤ ነው፤ ቃል የሚገባም አይደለም። ግን «የምርጫ ክልላችን ነዋሪ እንደመሆንዎ» የሚል ነገር አለበት። ነዋሪ! ባለቤቴ ሳቀች፤ እኔ ግን ደብዳቤውን አተምኩት።

የውጭ መራጭ ምዝገባ እስከ ሦስት ዓመት ይቆያል፣ ከዚያ ይታደሳል። ባለፈው ባለቤቴ ላፕቶፔን ጠየቀችኝ። ምን ልታደርግበት እንደሆነ አልነገረችኝም። ነጭ ወረቀትና ጥቁር እስክሪብቶ ስትፈልግ ገባኝ። አንድ ሰው ውጭ ላሉ ሰዎች ከሆነ እስከ አራት መወከል ስለሚችል፣ ልጅቷ ለሁለታችንም ትበቃለች። ፊርማዋን ፎቶ አነሳሁላት። ከዚያ ስልኳን አነሳችና ለንደን ደወለች።

«አንድ ነገር ልነግርሽ ነው» አለቻት። ወደ እኔ ዞር አለች። «አንተ እስቲ ውጣ።»

በረንዳው ላይ ወጣሁ። በሩን ከውስጥ ዘጋችው።