የኦኤሲስን 26 ሲንግሎች በድምፅ ያስመረጥኩበት ታሪክ (ኮሮጆ ግልበጣውን ጨምሮ)

እኔ የሙዚቃ አዋቂ ምናምን አይደለሁም፣ ማንቸስተር አንድ ዌርሃውስ ውስጥ የማታ ሺፍት የምሠራ ሰው ነኝ። ነገሩ የጀመረው በፈረንጆቹ 2025 ጁን ላይ ነው። የዚሁ የማንቸስተር ሮክ ባንድ ኦኤሲሶች ከ16 ዓመት ኩርፊያ በኋላ ታርቀው ጁላይ 4 ካርዲፍ ላይ ሊጀምሩ፣ ከዛ ደሞ እዚሁ እኛ ከተማ ሂተን ፓርክ አምስት ምሽት ሊጫወቱ ነው፣ እና ብሬክ ሩም ውስጥ ሌላ ወሬ የለም። ቲኬት ያገኘ ጥቂት ነው፣ አብዛኞቻችን በ2024 ኦገስት ኦንላይን ሰልፍ ላይ ግማሽ ቀን ተገትረን ተራችን ሲደርስ ዋጋው ጣሪያ ነክቶ ጠበቀን። ቲኬት ያጣ ሰው ምን ይሠራል፣ ይከራከራል። የትኛው ዘፈን ይበልጣል፣ አይ ይሄ፣ አይ ያ፣ አንድ ቀን ሁለት ሰዎች ሊጣሉ ሲደርሱ እኔ ዝም ብዬ «ለምን ድምፅ አንሰጥም» አልኩ። አፌን በቆረጠው።

የኔን ጉዳይ አስቀድሜ ልናገር ምክንያቱም በኋላ ጣጣ አምጥቷል። እዚህ አገር የገባሁት ማርች 2009 ነው፣ የመጀመሪያ ሥራዬ ምግብ ቤት ሳህን ማጠብ ነበር፣ ኩሽናው ውስጥ ቅባት የጠጣ ትንሽ ሬዲዮ አለ፣ እና በዛ ሰሞን እየደጋገመ የሚያጫውተው ፎሊንግ ዳውን የሚለውን ዘፈን ነበር። እንግሊዝኛው አይገባኝም፣ ግን ያ ከበሮ እየዞረ እየዞረ ሲመጣ እጄ ከውሃው ውስጥ አብሮ ይሄድ ነበር። የማን ነው ብዬ ጠይቄ ኦኤሲስ የሚባል ስም ያዝኩ። ኦገስት ላይ ፓሪስ ሊጫወቱ ሄደው ወንድማማቾቹ ኖኤልና ሊያም ተጣሉና ባንዱ ፈረሰ። ማለት ባንድ ወደድኩ ብዬ አምስት ወር ሳይሞላኝ ለቅሶ ተቀመጥኩ። ፎሊንግ ዳውን የመጨረሻ ሲንግላቸው ሆኖ ቀረ።

እሺ ወደ ምርጫው። ሁሉንም ዘፈን ካልን ማለቂያ የለውም፣ ሲንግል ብቻ ይሁን ተባባልን፣ ማለት ከአልበሙ ተለይቶ ለብቻው ለሽያጭ የወጣ ዘፈን። ከ1994ቱ ሱፐርሶኒክ እስከ 2009ኙ ፎሊንግ ዳውን እንግሊዝ ውስጥ የወጡትን ስቆጥር 26 መጡ። ቀላል መሰለኝ። ወረቀቱን ግድግዳ ላይ በለጠፍኩ በአስር ደቂቃ ውስጥ ክስ ጀመረ። እኛ ጋ አንድ ትልቅ ሰውዬ አለ፣ እኔ ጋሼ ነው የምለው፣ ትርጉሙን ከነገርኩት ጀምሮ ሌላው ሁሉ ጋሼ ይለዋል እሱም አቤት ይላል። 1996 ላይ ሜን ሮድ ስታዲየም የገባበትን ቲኬት በላስቲክ ጠቅልሎ እስካሁን ዋሌቱ ውስጥ የሚይዝ ሰው ነው። መጣና «ሻምፔይን ሱፐርኖቫ የታለ?» አለኝ። እዚህ አገር በሲንግልነት አልወጣም አልኩት። አየኝ፣ እስክሪብቶ አወጣና ከታች በትልልቁ ጻፈው። አንዱ ደሞ ዶንት ጎ አዌይ ጃፓን ውስጥ ሲንግል ነበር አለ። ሌላው ሎርድ ዶንት ስሎው ሚ ዳውን በዳውንሎድ ብቻ ስለወጣ ሲንግል አይባልም ይውጣ አለ። ከሁሉ የባሰው የቢ-ሳይዱ ነው፣ ምክንያቱም እነዚህ ሰዎች ድሮ ከሲንግሉ ጀርባ የሚያስቀምጡት ዘፈን የሌላ ባንድ አልበም ያስንቃል፣ አኩዊየስ ከሰም ማይት ሴይ ጀርባ ነበር፣ ሃፍ ዘ ወርልድ አዌይ ከዋትኤቨር ጀርባ፣ ዘ ማስተርፕላን ከዎንደርዎል ጀርባ። እና ሰው «ሰም ማይት ሴይን የምመርጠው ለአኩዊየስ ብዬ ነው» ሲለኝ ምን ልበለው? እዛው ቆሜ ሕግ አወጣሁ፣ እንግሊዝ ውስጥ ለሕዝብ የወጣ፣ የፊት ገጹ ብቻ፣ አለቀ። ሕጉ ግን ወረቀቱ ከመለጠፉ በፊት መውጣት ነበረበት፣ ከተለጠፈ በኋላ ያወጣኸው ሕግ ሁሉ ለራስህ የቆረጥከው ነው የሚመስለው፣ ጋሼም እስከ መጨረሻው እንደዛ ነው ያመነው።

የመጀመሪያው ዙር ለአንድ ሰው አንድ ራይት ነበር። 29 ሰው ራይት አደረገ፣ ዎንደርዎል በ7 አሸነፈ፣ ሊቭ ፎርኤቨርና ዶንት ሉክ ባክ ኢን አንገር 6፣ 6 አገኙ። ብሬክ ሩሙ በጩኸት ተናጋ። እውነታቸውን ነው፣ 7 ሰው ወደደው ማለት 22ቱ አልመረጠውም ማለት ነው፣ ከ22ቱ ደሞ ግማሹ ዎንደርዎልን ሲሰማ ጆሮውን የሚያመው ነው፣ ጊታር ተምሬያለሁ ያለ ጎረምሳ ሁሉ ሲያላምጠው ኖሯላ። ከ26ቱ ብዙዎቹ ደሞ አንድም ራይት አላገኙም። ስለዚህ ደረጃ ላስይዝ ብዬ የያዝኩት የሦስት ዘፈን ወሬ ብቻ ሆነ።

ሁለተኛው ዙር ላይ ተንጠራራሁ። ሃያ ስድስቱንም ከ1 እስከ 26 በደረጃ አስቀምጡ ብዬ ወረቀት ፕሪንት አድርጌ በተንኩ። ይሄ ነው ትልቁ ስህተቴ። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ሳንድዊች እየበላ 26 ዘፈን የሚያበላልጥ ሰው የለም። እስከ ስምንት ዘጠኝ ድረስ በደንብ ያስባሉ፣ ከዛ ይደክማቸዋል። ወረቀቶቹን ቤት ወስጄ ሳያቸው የታችኛው ግማሽ በብዙዎቹ ላይ አንድ ዓይነት ነው፣ 18፣ 19፣ 20፣ 21 እያለ በዝርዝሩ ቅደም ተከተል ቁልቁል ይወርዳል፣ ልክ ማትሪክ ላይ ሰዓት ሲያልቅበት የቀረውን ሁሉ ሲ እንደሚያጠቁር ተማሪ። እኔ ደሞ ዝርዝሩን የጻፍኩት በወጡበት ዓመት ነው። ስለዚህ የ1994ቱ ከላይ ተቀምጠው ዓይን ሲገባላቸው፣ የ2008ና የ2009ኙ ከታች ሆነው የድካሙን ቁጥር ተቀበሉ። ፎሊንግ ዳውን በሰባት ወረቀት ላይ 26ኛ! አንዱን «ለምን እንደዚህ ጠላኸው?» ብለው «የቱ ነው እሱ?» አለኝ።

በዛ ላይ ማጭበርበሩ። የበተንኩት 29 ወረቀት፣ ሳጥኑ ውስጥ የተገኘው 34። አምስቱ በአንድ እስክሪብቶ፣ በአንድ እጅ ጽሑፍ፣ አምስቱም ላይ አንደኛ ሎርድ ዶንት ስሎው ሚ ዳውን። ይውጣ ያለው ልጅ ራሱ ነው፣ ቢሮ ገብቶ ፎቶኮፒ አድርጎ። ኮሮጆ ግልበጣን አገሬ ትቼው የመጣሁ መስሎኝ ነበር። ይሄን ለአክስቴ ልጅ ስነግራት «ዘጠና ሰባት ተደገመ በለኛ» ብላ ሳቀች፣ እዚህ ደሞ ለነዚህ ሰዎች ዘጠና ሰባት ስትላቸው ትዝ የሚላቸው ቢ ሂር ናው የሚባለው አልበም የወጣበት ዓመት ነው፣ እሱም ቢሆን የራሱ ቅሬታ አለው፣ መጀመሪያ ያልተባለለት ነገር አልነበረም፣ ቆይቶ ግን ረዘመ ተንዛዛ ተብሎ ሰው ፊቱን አዞረበት። ሁለተኛውን ዙር ሙሉ በሙሉ ሰረዝኩት።

ሦስተኛውን ከማድረጌ በፊት ግን አንድ ጥሩ ነገር አሰብኩ፣ ሰው ያልሰማውን እንዴት ይመርጣል? ትንሽ ስፒከር ይዤ ሄድኩና በብሬክ ሰዓት በየቀኑ አራት አምስት ዘፈን እያልን በስድስት ሌሊት ሁሉንም አጫወትን። በጣም ቆንጆ ሳምንት ነበር። ኦል አራውንድ ዘ ወርልድ ብቻውን ከዘጠኝ ደቂቃ በላይ ነው፣ ብሬካችን ሠላሳ ደቂቃ ነው፣ ያለቀ ሲመስል እንደገና ይነሳል፣ እንደገና ያለቀ ይመስላል፣ ሱፐርቫይዘሩ በር ላይ ቆሞ ሰዓቱን እያየ ነበር በኋላ እሱም ላ ላ ላ ማለት ጀመረ። ሶንግበርድ ደሞ ሁለት ደቂቃ ብቻ ነው፣ ሊያም ራሱ የጻፈው፣ አንድ ሁሌ የሚሳደብ ልጅ አለ፣ ዘፈኑ ሲመጣ ዝም አለ።

ከዛ አዲሱ ሕግ፦ አሥር ዘፈን ብቻ ምረጡ፣ አንደኛው 10 ነጥብ፣ አሥረኛው 1። ዝርዝሩን በሦስት ዓይነት ቅደም ተከተል አዘባርቄ አተምኩት፣ ማን ከላይ እንደሚሆን በዕጣ። እያንዳንዱ ወረቀት ጀርባ ላይ በአረንጓዴ እስክሪብቶ ፈረምኩ። 27 ወረቀት ወጣ፣ 27 ተመለሰ።

ቅዳሜ የአክስቴ ልጅ መጣች፣ እሷ አካውንታንት ናት፣ «አንተ፣ በዚህ ዕድሜህ የፈረንጅ ዘፈን ድምፅ ትቆጥራለህ?» ብላ ትንሽ ከሰደበችኝ በኋላ ላፕቶፑን ቀምታኝ ኤክሴል ከፈተች። እኔ አነባለሁ እሷ ትሞላለች፣ ቡናው እየፈላ። ሊቭ ፎርኤቨር 198፣ ዶንት ሉክ ባክ ኢን አንገር 183፣ ሱፐርሶኒክ 128፣ ዎንደርዎል 121። የገረመኝ ምን መሰላችሁ፣ ከሁሉም በላይ ብዙ ሰው አንደኛ ያደረገው ዎንደርዎልን ነው፣ 8 ሰው። ሊቭ ፎርኤቨርን አንደኛ ያሉት 4 ብቻ ናቸው፣ ግን ከ27ቱ በ25ቱ ወረቀት ላይ አለ፣ ሁለተኛ ሦስተኛ አራተኛ እየሆነ። ዎንደርዎል 12 ሰው ጨርሶ አላስገባውም። የሚወደውም የሚጠላውም የበዛበት ዘፈን፣ ማንም በማይጠላው ዘፈን ተበላ።

እዚህ ላይ የአክስቴ ልጅ ዝም ብላ «ነጥቡን ማን ነው የወሰነው?» አለች። እኔ ነኛ። «እስቲ እንደ ዩሮቪዥን፣ እንደ አውሮፓ የዘፈን ውድድሩ እናድርገው» አለችና አንደኛውን 12፣ ሁለተኛውን 10፣ ሌላውን እንዳለ ተወችው። አንድ ወረቀት አልተቀየረም፣ አንድ ድምፅ አልተጨመረም፣ ዎንደርዎል 138 ገባና 133 ያገኘውን ሱፐርሶኒክን ጥሎ ሦስተኛ ሆነ። ቡናዬ ቀዘቀዘ። ሦስተኛውና አራተኛው ላይ ሰዎች ቢጨቃጨቁ የሚጨቃጨቁት ስለ ዘፈን ሳይሆን እኔ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሳላስብ ስለጻፍኳት ቁጥር ነው። መጀመሪያ በተናገርኩት ሕግ ነው የምሄደው ብዬ የ10ሩን ለጠፍኩ፣ ግን የዩሮቪዥኑንም ጎን ለጎን አሳየሁ፣ ያ ደሞ አዲስ ጦርነት አስነሳ፣ ይሁን።

ጋሼ ውጤቱን አይቶ «ቻርቱስ ምን ነበር የሚለው?» አለ፣ የሽያጭ ደረጃውን ማለቱ ነው። አወዳደርን። ሊቭ ፎርኤቨር በ1994 ቻርት ላይ 10ኛ ነው የደረሰው። ሱፐርሶኒክ 31ኛ! ቁጥር አንድ ከወጡት ስምንቱ ውስጥ ዘ ሂንዱ ታይምስ አለ፣ እኛ ጋ 19ኛ የሆነው። ለነገሩ ቻርት ማለትም ምርጫ ነው፣ በገንዘብ የሚደረግ። በኦገስት 1995 የኦኤሲስ ሮል ዊዝ ኢት ብለር ከሚባለው ሌላ ባንድ ካንትሪ ሃውስ ጋር በአንድ ቀን ወጥቶ አገር ምድሩ ሲተራመስ ብለሮች 274 ሺ ሸጠው አሸነፉ፣ ኦኤሲስ 216 ሺ። ብለሮች ሲንግሉን በሁለት ሲዲ ነበር ያወጡት፣ ጀርባው የተለያየ፣ ፋን የሆነ ሁለቱንም ይገዛል። ይሄን ስሰማ ፎቶኮፒ ያደረገውን ልጅ ትንሽ ይቅር አልኩት።

የቀረችው የኔዋ ናት። ፎሊንግ ዳውን 11ኛ ወጣች። ደስ ብሎኝ ልሞት ነበር፣ 26ኛ ከነበረች! መስማታቸው ነው፣ ዝርዝሩን ማዘባረቄ ነው ብዬ ለሁሉም አወራሁ። በሳምንቱ ሂተን ፓርክ ሲጫወቱ አርብ ማታ፣ እኔና ጋሼ ቲኬት ስለሌለን ከአጥሩ ውጪ ሣሩ ላይ ተቀምጠን ድምፁን እየሰማን ነው፣ እንደኛ የተሰበሰበ ሰው ብዛቱ! ነፋሱ ሲዞር ጊታሩ ይጠፋል የሰዉ ዝማሬ ብቻ ይመጣል። «ፎሊንግ ዳውንን ስንተኛ ነበር ያደረግካት?» አልኩት።

«ሰባተኛ።»

«ወደድካት ማለት ነው!»

ጋሼ ቢራውን አስቀመጠ። «ስታጫውታት ድምፁን ከፍ አድርገሃል እኮ፣ ሁላችንም አይተናል» አለ። «ያንተ መሆኗን የማያውቅ ማን አለ?»

ኤክሴሉ እስካሁን ስልኬ ላይ አለ። ለኔ ብለው ለፎሊንግ ዳውን የሰጧትን ነጥብ ልቀንስ ብዬ ሁለት ሦስቴ ከፍቼዋለሁ፣ አልቀነስኩም።