የመጀመሪያዬን ታጣፊ ምላጭ ኪሴን ሳልጎዳ የገዛሁበት መንገድ

ስለቱ ወደ እጀታው ገብቶ የሚታጠፈውን ያንን የድሮ ምላጭ ልግዛ ብዬ ስነሳ ለራሴ ያወጣሁት ደንብ አንድ ነበር፤ ገንዘቤ ስለቱ ላይ ይውላል፣ ሌላው ይቅር። በዚህ ገበያ ዐይን የሚስበውና ዋጋ የሚያስወድደው ነገር አብዛኛው ጢም ከመላጨት ጋር አይገናኝም። የቀንድ ወይም የዝሆን ጥርስ እጀታ፣ ብረቱ ላይ በወርቅማ ቀለም የተሳለ ሐረግ፣ በከፋይ የተለበጠ ሣጥን፤ ይህ ሁሉ ያምራል፣ እኔም ያየሁት ደስ ብሎኝ ነው። ፊቴን የሚነካው ግን ብረቱ ብቻ ነው።

በርካሽ ለመጀመር ሦስት መንገድ ነበረኝ። የመጀመሪያው ፀጉር አስተካካዮች የሚይዙት፣ ተጣይ ምላጭ ለሁለት ተሰብሮ የሚገባበት ነው። ዋጋው ትንሽ ነው፣ መሳልም አይጠይቅም። ነገር ግን የሚገባበት ምላጭ ቀጭንና ቀላል ስለሆነ የእጅን ስህተት አይምርም፤ በዚያ ላይ እኔ የፈለግሁት የራሱ ስለት ያለውን፣ ቆዳ ላይ እያሹ የሚኖሩበትን ነው። ስለዚህ አለፍኩት። ሁለተኛው በጣም ርካሹ አዲስ ታጣፊ ምላጭ ነው። ብረቱ ክፉ ላይሆን ይችላል፤ ችግሩ አሠራሩ ነው። ጀርባው ወጥ አይሆንም፣ ስለቱም ከፋብሪካ ሲወጣ ጢም ለመቁረጥ አልደረሰም። መሳያ ድንጋይና ልምድ ያለው ሰው አስተካክሎ ይጠቀምበታል፤ ለጀማሪ ግን ከእጅ አይሻል ዶማ ነው። ሦስተኛው አሮጌ ምላጭ ነው፣ የገዛሁትም እሱን ነው።

አሮጌው ጥሩ ሆኖ ሳለ የሚረክስበት ምክንያት አለው። ኪንግ ጂሌት እ.ኤ.አ. በ1904 በአሜሪካ የፈጠራ መብት ያገኘበት ባለ ተጣይ ስለት መላጫ፣ በተለይ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ለአሜሪካ ወታደሮች ከታደለ በኋላ፣ ታጣፊውን ምላጭ ከየቤቱ አስወጣው። ያኔ ደህና ብረት የነበረው ሁሉ በየመሳቢያው ቀረ። ዛሬ ለሽያጭ የሚወጣው ከዚያ የተረፈው ነው፤ የጀርመኑ ዞሊንገን፣ የእንግሊዙ ሼፊልድ፣ የፈረንሳዩ ትዬር፣ የስዊድኑ ኤስኪልስቱና ከተሞች ሥራ።

እዚህ ላይ ብዙ ገንዘብ የሚበላው ስም ነው። ዝነኛ ማኅተም ያለበት ምላጭ ሰብሳቢዎች ስለሚሻሙበት ዋጋው ይሰቀላል። ነገር ግን ዞሊንገን ውስጥ ትንንሽ ወርክሾፖች ብዙ ነበሩ፤ በየአገሩ ያሉ ነጋዴዎችም እዚያ ባሠሩት ምላጭ ላይ የራሳቸውን ስም እያስመቱ ይሸጡ ነበር። ስለዚህ ማንም የማያውቀው ስም ያለበት የዞሊንገን ምላጭ ከዝነኛው ጎን ተቀምጦ የሚያፍር ላይሆን ይችላል። የከተማዋ ስም ራሱ እ.ኤ.አ. ከ1938 ጀምሮ በጀርመን ሕግ የተጠበቀ ነው፤ እኔም ከአምራቹ ስም ይልቅ የከተማውን ስም ፈለግሁ። የአገር ስም መኖር አለመኖሩም ዕድሜውን ለመገመት ይረዳል። እ.ኤ.አ. የ1890 የአሜሪካ የቀረጥ ሕግ ወደዚያ የሚገባ ዕቃ የተሠራበት አገር እንዲጻፍበት ስላስገደደ፣ «ጀርመን» ወይም «እንግሊዝ» የሚል የተመታበት ምላጭ አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ ወዲህ የተሠራ ነው። ዕድሜው ግን አይላጭም፤ ይህን ያነሳሁት አንዳንድ ሻጭ በዕድሜ ብቻ ዋጋ ስለሚያስጨምር ነው።

በመጠን በኩል ብዙ አልተጨነቅሁም። የምላጭ ስፋት የሚነገረው በኢንች ስምንተኛ ነው። 5/8፣ ማለትም ወደ 16 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ ለጀማሪ እጅ የሚመች ነው፤ 6/8ም አይከፋም። ጫፉ ክብ እንዲሆን ፈለግሁ፤ ሹል ማዕዘን ያለው ጫፍ ጆሮ ግንድና አፍንጫ አካባቢ ሳያስቡት ይጭራል።

ጊዜዬን የወሰደው ፎቶ ማንበብ ነው። ሻጮቹን አራት ዓይነት ፎቶ እጠይቅ ነበር። ምላጩ ጠፍጣፋ ቦታ ላይ ተጋድሞ በሁለቱም ጎን፣ ጀርባው ከላይ፣ ስለቱ ወደ ካሜራው ዞሮ፣ ከዚያም ጫፉ በቅርብ። እምቢ ያለኝን ሻጭ ተውኩት፤ ርካሽ ምላጭ ሞልቷል።

ጀርባውን ለምን ታያለህ ላለኝ መልሱ ይሄ ነው። ቢላ ሲሳል ማዕዘኑን የሚጠብቀው እጅ ነው። ምላጭ ሲሳል ግን ጀርባውም ስለቱም አንድ ላይ ድንጋዩ ላይ ይተኛሉ፣ ማዕዘኑን የሚወስነው የጀርባው ውፍረት ነው። ስፋቱ ከጀርባው ውፍረት ሦስት ተኩል እጥፍ ያህል ከሆነ ስለቱ ወደ 16 ዲግሪ ይመጣል፤ 16 ሚሊ ሜትር የሚሰፋ ምላጭ ጀርባው 4 ሚሊ ሜትር ተኩል ያህል ነው ማለት ነው። ለዓመታት በግድየለሽ እጅ የተሳለ ምላጭ ጀርባው ላይ ሰፊ የሚያብረቀርቅ ጠፍጣፋ መስመር ይታያል። መስመሩ ቀጭንና ከዳር እስከ ዳር እኩል ከሆነ ጤነኛ ነው። በአንድ በኩል ሰፍቶ በሌላው ከጠበበ፣ ወይም የግራውና የቀኙ ከተለያየ፣ ያ ምላጭ ቀጥ ብሎ ድንጋይ ላይ አይቀመጥም። ቢረክስም ይለፈኝ እላለሁ።

ቀጥሎ የስለቱ መስመር። ወደ ውጭ ትንሽ ቢደገን አያስጨንቅም፣ እንዲያውም አንዳንዱ ሲሠራም እንዲያ ነው። ወደ ውስጥ የሰረጎደው ግን መሐሉ ድንጋዩን ስለማይነካ፣ ለማስተካከል ብዙ ብረት መብላት ይጠይቃል። ከስለቱ የተነሳ ስንጥቅ ካለ ነገሩ እዚያው ያልቃል፤ መድኃኒት የለውም።

ዝገትም እንደ ቦታው ነው። ገላው ላይ ያለ ጥቁር እድፍ መልክ ከማበላሸት ሌላ ጉዳት የለውም፣ ዋጋ ስለሚያስቀንስ ለእኔ እንዲያውም ወዳጅ ነበር። ስለቱ ዳር የተቀመጠ ቀይ ዝገት ግን ብረቱን ቀዳዳ ቀዳዳ አድርጎ ይበላል። ሲሳል ቀዳዳዎቹ ይከፈቱና ስለቱ የመጋዝ ጥርስ ይሆናል። በተለይ የኤሊ ቅርፊት የሚመስል ዥጉርጉር እጀታ ሳይ እጠነቀቅ ነበር። ብዙው ሴሉሎይድ የሚባል የድሮ ፕላስቲክ ነው። ሴሉሎይድ ሲያረጅ የሚተፋው አሲዳማ ጋዝ እጀታው ሳይበላሽ እንኳ ውስጡ የታጠፈውን ብረት ያዝገዋል። ምላጩ እጀታው ውስጥ በሚገባበት ልክ ብቻ ዝጎ ካየሁ ምክንያቱን አውቀዋለሁ።

በመጨረሻ የወሰድኩት ስሙን ሰምቼው የማላውቅ የዞሊንገን 5/8 ነው። ጥቁር ተራ እጀታ፣ ክብ ጫፍ፣ ገላው ላይ እድፍ፣ ስለቱ ዳር ንጹሕ። ሻጩ «ወረቀት ይቆርጣል» ብሎ ነበር። ወረቀት መቁረጥ የቢላ ፈተና ነው፤ ምላጭን እንዲያውም ያደነዝዘዋል። «ለመላጨት ዝግጁ» የሚለውንም ቃል የማምነው ማን ሳለው፣ በምን ድንጋይ ጨረሰው፣ ራሱ ተላጭቶበታል ወይ ለሚሉት ጥያቄዎች መልስ ሲኖር ነው። እዚህ መልስ ስላልነበረ ምላጩን ራሱ በታጣፊ ምላጭ ለሚላጭ ስለት አውጪ ባለሙያ (ሳይ) ሰጥቼ አስሳልኩት። የሳይውን ክፍያ ከመጀመሪያውም ከበጀቴ ቆርጬ አስቀምጬ ነበር፤ ሁለቱ ተደምረው እንኳ ከዞሊንገኑ አዲስ ምላጭ በብዙ ያንሳሉ።

የሰው ምላጭ ስለሆነ መጀመሪያ ስለቱንና ገላውን 70 በመቶ አልኮል ባለው ጥጥ ጠረግሁት። ሳይው ሲመልስልኝ ደግሞ መብራት ሥር ይዤ ስለቱን ወደ ዐይኔ አዞርኩት። ደነዝ ስለት ጠፍጣፋ ስለሆነ ብርሃን ይመልሳል፣ ነጭ ነጥብ ወይም ክር ይታያል። የተሳለ ስለት ምንም አያሳይም፤ ጥቁር ነው። ከተረከዙ፣ ማለትም በእጀታው በኩል ካለው ዳር፣ እስከ ጫፉ ቀስ እያልኩ አሳለፍኩት፣ አንዲት ነጥብ አልታየችም።

ከምላጩ ጋር የግድ የገዛሁት ማሻ ቆዳ ነው። በአንድ በኩል ወፍራም ሸራ፣ በሌላው ቆዳ ያለው ተራ ነገር። ጀማሪ ቆዳውን መጫሩ ስለማይቀር ውዱን ለኋላ ማቆየት ይሻላል። ከመላጨት በፊት ሸራው ላይ፣ ከዚያ ቆዳው ላይ ይታሻል። ሁልጊዜ ጀርባው ይቀድማል፣ ስለቱ ይከተላል፤ ሲመለስም የሚገለበጠው በጀርባው ላይ ተንከባሎ እንጂ በስለቱ በኩል አይደለም። ቆዳው ሳይረግብ ተወጥሮ ካልተያዘ ስለቱ ይጠቀለላል።

መላጨቱን መጀመሪያ በጉንጭ ብቻ ነው የጀመርኩት፤ አገጩንና ከንፈሩን ለለመድኩት መላጫ ተውኩለት። ቆዳ ወጠር፣ ምላጩ ከፊት 30 ዲግሪ ያህል ቀና፣ ጢሙ ወደሚያድግበት አቅጣጫ፣ ሳይጫኑ። ስጨርስ ስለቱን ብቻ አጥባለሁ፤ ውሃ መታጠፊያው ውስጥ ከገባ አይወጣም፣ ዝገትም ከዚያ ይነሳል። አድርቄው ክፍቱን ትንሽ ካቆየሁ በኋላ ስለቱን በቀጭን ዘይት አብሼ አጥፈዋለሁ።

መሳያ ድንጋይ እስካሁን አልገዛሁም። ስለት ለማውጣት 1000 ቁጥር፣ ለማለስለስ 5000 እና 8000፣ ለመጨረሻው 12000 (ቁጥሩ ሲጨምር ድንጋዩ ይለሰልሳል) ሲባል ድንጋዮቹ ከምላጩ ይወደዳሉ፤ በደንብ የሚታሽ ስለት ደግሞ ለወራት ይቆያል። የገዛሁ ዕለት የምለማመድበትን ግን ከወዲሁ አግኝቻለሁ፤ ጫፉ ስለተሸረፈ ሻጩ ከሌላ ዕቃ ጋር መርቆ የሰጠኝ ምላጭ ነው። ስለቱን በማርከር ቀለም ቀብቼ አንዴ ድንጋይ ላይ አሳልፈዋለሁ፣ ቀለሙ የቀረበት ቦታ ድንጋዩ ያልነካው ነው።