ለሸርጣን ንፍሮ፦ የሁለተኛ ዓመት ማስታወሻዬ

አምና "ሸርጣን አረባለሁ" ስላችሁ ግማሾቻችሁ ሳቃችሁ፣ ግማሾቻችሁ ደግሞ "ይበላል እንዴ?" አላችሁኝ። እኔ አልበላም፤ ክንፍና ቅርፊት የሌለው የውሃ ነገር አይነካም ተብሎ ነው ያደግሁት። (ቅርፊት እንኳ አለው፣ የዓሣ ዓይነት አይደለም እንጂ።) ማርባቱን ግን ወድጄዋለሁ። ዘንድሮ ያስጨነቀኝ መኖው ስለሆነ ዶሮና ዓሣ የምታረቡም አንድ ነገር ታገኙበት ይሆናል ብዬ ነው የምጽፈው።

የምማረው ቻይና፣ ጂያንግሱ ክፍለ ሀገር ውስጥ ነው። ቅዳሜና እሁድ የምውልበት ኩሬ የአንድ አዛውንት ነው፤ "ሹሹ" እንላቸዋለን፣ አጎቴ እንደማለት። አንዱን ጥግ ከልለው ለቀቁልኝ፤ 300 ካሬ ሜትር ቢሆን ነው። መቆንጠጫው ላይ ጥቁር ጸጉር የሚያበቅለውን የቻይና ሸርጣን በየካቲት መጨረሻ 350 ያህል ጨመርኩ። ያኔ አንዱ የኮት ቁልፍ ያክላል፣ ከ6 እስከ 8 ግራም። እስከ መከር አምስት ጊዜ ያህል ልባሱን (ጠንካራ የላይ ሽፋኑን) ይጥልና በየጊዜው ዘለል እያለ ያድጋል።

አምና የሠራሁትን ስህተት ልንገራችሁ። ፕሮቲን ሥጋ ይሠራል፣ ስለዚህ በበዛ ቁጥር ይሻላል ብዬ 36 በመቶ ፕሮቲን ያለውን ፔሌት (የተጨመቀ የመኖ እንክብል) ከመጀመሪያው እስከ ሐምሌ ሙቀት ድረስ ሳልቀይር ሰጠሁ። አገር ቤት ሐምሌ ጭጋግና ጭቃ ነው፤ እዚህ ግን አየሩ 35 ዲግሪ ያልፋል፣ ውሃውም ለብ ይላል። አንድ ቀን ጎህ ሲቀድ ስመጣ ሸርጣኖቹ ከውሃው ወጥተው በፕላስቲኩ አጥር ሥር ተደርድረዋል። ዝም ብለው አፋቸው ላይ አረፋ ያወጣሉ። ሹሹ አንዴ አይተው አየር መንፊያውን ከፈቱና ወደ መኖ ትሪዬ ጠቆሙኝ። የማታው መኖ ግማሹ እንዳለ ነው፤ አብጦ፣ ሸትቶ።

የሆነው ይኸው ነው። ሙቀት ሲበዛ ሸርጣን የምግብ ፍላጎቱ ይቀንሳል። የበላውም ቢሆን ከሚፈልገው በላይ የሆነውን ፕሮቲን እንደ ማገዶ ያነደዋል፤ በውስጡ ያለው ናይትሮጅን አሞኒያ ሆኖ በስንጥቡ በኩል ወደ ውሃው ይወጣል። ያልተበላው ሲበሰብስ ሌላ አሞኒያ ይጨምራል፣ ሌሊት ደግሞ ኦክስጅኑን ይጨርሳል። በዚያ ላይ ከሰዓት በኋላ የኩሬው ሣር ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ሲስብ የውሃው ፒኤች (የአሲድነቱ መለኪያ) ከፍ ይላል፣ አሲድነቱ ይቀንሳል ማለት ነው፤ ያን ጊዜ ያው አሞኒያ ይበልጥ መርዝ ይሆናል። ውድ መኖ ገዝቼ ውሃ መረዝኩ ማለት ነው።

የእዚህ ሰዎች አንድ አባባል አላቸው፣ በጽሕፈታቸው ስድስት ፊደል ብቻ፦ መጀመሪያ ምርጥ፣ መሃል ሻካራ፣ መጨረሻ ምርጥ። ሻካራ የሚሉት በቆሎ፣ ስንዴ፣ ዱባና የውሃ ሣር ነው። ዘንድሮ በዚሁ ሄድኩ። ከሰኔ መጨረሻ ጀምሮ ፕሮቲኑን ወደ 30 ለማውረድ አሰብኩ። ሒሳቡ ለዶሮ የምትሠሩት ነው፦ ፔሌቱ 36፣ በቆሎው 9፣ የምፈልገው 30። ከ30 ላይ 9 ሲቀነስ 21 የፔሌቱ ድርሻ፣ ከ36 ላይ 30 ሲቀነስ 6 የበቆሎው ድርሻ። ከ10 ኪሎ 7.8 ፔሌት፣ 2.2 በቆሎ።

በቆሎውን አሳድሬ ዘፈዘፍኩና ቀቀልኩት፤ በግልጽ አማርኛ ንፍሮ ነው። ጥሬ ስታርች (የእህሉ ዱቄታማ ክፍል) ሆዳቸው ውስጥ በቀላሉ አይፈጭም፣ ሲበስል ግን ይከፈታል። እዚህ ላይ ሌላ ስህተት፦ የመዘንኩት ንፍሮውን ነው። ንፍሮ ውሃ ጠጥቶ እጥፍ ሊሆን ምንም አይቀረውም፤ ስለዚህ የሰጠሁት ደረቅ በቆሎ ያሰብኩትን ግማሽ ያህል ነበር። 30 ያልኩት በስሌት 33 ወጣ። ከዚያ ወዲህ ሳልዘፈዝፍ በፊት እመዝናለሁ።

ስታርች ጉልበት ብቻ ይመስለኝ ነበር። ሸርጣን ልባሱን የሚሠራበት ካይቲን ግን ከግሉኮስ የሚጀመር ነው፤ ስለዚህ ንፍሮው ልብስም ይሆናል። ያም ሆኖ እንደ በግ አያደልቡትም። ጉበትና ቆሽት ሆኖ የሚያገለግለው አንድ አካል ነው፤ ስታርች ሲበዛበት ይወፍርና ይታወካል። ደግሞ መራጭ ነው! ሁለቱን አንድ ላይ ስበትንለት ፔሌቱን ለቅሞ ንፍሮውን ጥሎት ይሄዳል። አሁን ንፍሮውን ቀድሜ ወደ 11 ሰዓት ላይ እሰጣለሁ፤ ፔሌቱ ከመሸ በኋላ ይከተላል።

በጆንያው ላይ ካለው ቁጥር ይልቅ አሁን የማምነው ሁለት ነገር ነው። አንዱ ትሪው፦ በሁለት ሰዓት ተኩል ውስጥ ካላለቀ በማግስቱ እቀንሳለሁ። ሌላው ሣሩ፦ ጠዋት የተቆረጠ ግንድ በብዛት ከተንሳፈፈ ማታ ርቧቸው ሲያጭዱ አድረዋል ማለት ነው። ልባስ በሚጥሉበት ሳምንት ግን ትሪው ያታልላል፤ ሸርጣኑ ጨርሶ ስለማይበላ መኖው ይተርፋል። አንዱን ሣር ውስጥ አገኘሁት፣ እንደ ረጠበ ወረቀት ለስላሳ፣ አጠገቡ ባዶ ልባሱ እግሮቹ ሳይቀሩ ቆሟል። ያን ዕለት የራባቸው ካሉ የሚበሉት ይህንኑ ለስላሳ ሸርጣን ነው፤ ስለዚህ ቀነስኩ እንጂ አላቋረጥኩም።

ዘንድሮ በሐምሌ አጥር ሥር የተሰለፈ አላየሁም። አየር መንፊያውንም ሌሊት ሌሊት ስለምከፍት ምስጋናው ሁሉ የንፍሮው አይደለም። ከነሐሴ 20 በኋላ ውሃው ሲቀዘቅዝ ንፍሮውን እያስቀረሁ ወደ 38 በመቶ ፔሌት ዞርኩ፤ ሹሹ አልፎ አልፎ ትናንሽ ትኩስ ዓሣ ቆራርጠው ይጨምሩበታል። ባለፈው እሁድ ሃያ መዘንን፦ ሴቶቹ በአማካይ 108፣ ወንዶቹ 131 ግራም። እዚህ ሴቶቹ በዘጠነኛው የጨረቃ ወር፣ ወንዶቹ በአሥረኛው ነው የሚበሉት፤ ስለዚህ ወንዶቹ ገና ጊዜ አላቸው። ሹሹ አንዷን ቀቅለው ከፈቱና ብርቱካንማውን እንቁላል በጣታቸው እያሳዩ ቅመስ አሉኝ። እኔ የበቆሎ ንፍሮዬን ቆረጠምኩ፣ እሳቸው ሳቁብኝ።