ከአሮጌ መኪና የምነቅለው ሽቦ

የምሠራው ጎተንበርግ፣ ስዊድን፣ አሮጌ መኪና የሚፈታበት ግቢ ውስጥ ነው። ዘይቱ ይቀዳል፣ ባትሪና ሞተሩ ይወርዳል፣ ቀሪው ቦዲ ተጨፍልቆ ወደ መፍጫ ይሄዳል። ከመጨፍለቁ በፊት ግን ሽቦው መውጣት አለበት። ብዙ ሰው ለመዳቡ ዋጋ ሲባል ይመስለዋል። እኔን የሚያሳስበኝ ብረቱ ነው።

ከማዕድን አዲስ ብረት ሲመረት ከብረቱ ጋር የተጣበቀውን ኦክስጅን የሚነጥቀው ከሰል ነው። በዚህ መንገድ ለአንድ ቶን ብረት ሁለት ቶን ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል። አንድ መኪና ደግሞ በአማካይ 900 ኪሎ ያህል ብረት አለው።

እዚሁ አገር፣ ሰሜን ሉሌኦ ላይ፣ ሃይብሪት የተባለው ፕሮጀክት ከሰሉን በሃይድሮጅን ተክቷል። የሚወጣው ውሃ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 የመጀመሪያው ብረት ለቮልቮ ተሰጠ። ደስ ብሎኛል፣ ከልቤ። ነገር ግን ሃይድሮጅን ለማምረት ብዙ ኤሌክትሪክ ይፈልጋል። በእጃችን ያለውን ብረት በኤሌክትሪክ ምድጃ መልሶ ማቅለጥ ጉልበቱም ጭሱም በጣም ያነሰ ነው።

እንቅፋቱ መዳብ ነው። አንዴ ከብረት ጋር ከቀለጠ አይለይም። ብረቱ በትኩሱ ሲዳመጥ መዳቡ ገጹ ላይ ይሰበሰብና ይሰነጥቀዋል። የበርና የፓራፋንጎ ላሜራ ይህን አይችልም። ስለዚህ የመኪናው ብረት ብዙ ጊዜ የሕንፃ ፌሮ ይሆናል፤ ለአዲሱ መኪና ላሜራ እንደገና ማዕድንና ከሰል ይፈለጋል።

ክሩስኮቱን ስታነሱ እንደ እጅ አንጓ የወፈረ የሽቦ ጥቅል ታገኛላችሁ። ከዚያ በምንጣፉ ስር እስከ ኋላ መብራት ይሄዳል። በየመንገዱ በፕላስቲክ መያዣ ተቆልፏል። በኃይል ከተሳበ ይበጠስና ግማሹ ውስጥ ይቀራል። የመስኮቱ ሞተር አለ፣ የዝናብ መጥረጊያው ሞተር አለ፣ ሁሉም ውስጡ መዳብ ነው። አለቆች «ጊዜ ይበላል» ይላሉ። እውነት ነው፣ ይበላል።

የአውሮፓ ኮሚሽን በ2023 ባቀረበው ረቂቅ ሕግ፣ ከአዲስ መኪና ፕላስቲክ 25 በመቶው ተመልሶ የተሠራ እንዲሆን ጠይቋል። ለብረት ግን መጀመሪያ ጥናት ይደረግ አለ። እኔ ብሆን ለብረቱም ቁጥር አስቀምጥ ነበር። መኪና የሚነድፉትንም አንድ ነገር እጠይቃቸዋለሁ፦ ሽቦው ሳይበጠስ በአንድ ስበት እንዲወጣ አድርጋችሁ ዘርጉት።