«ጨጓራዬ ነው ልጄ»

ሜሪላንድ ውስጥ በአንድ ሆስፒታል የሲቲ ስካን ባለሙያ ነኝ። የማታ ፈረቃ ነው የምሠራው።

አንድ እሁድ ማታ ስልሳ ዓመት ያለፋቸው እናት ከድንገተኛ ክፍል መጡልኝ። ነጠላቸውን አጣፍተው ዊልቸር ላይ ተቀምጠዋል። ታሪካቸውን እንድጽፍ ፈቅደውልኛል።

«ምን ሆኑብኝ እናቴ?»

«ጨጓራዬ ነው ልጄ። ደረጃ ስወጣ ያፍነኛል። ቁጭ ስል ይተወኛል። ተልባ እየጠጣሁ ነው።»

ሦስት ሳምንት ሆኗቸዋል። እባካችሁ፣ ሲንቀሳቀሱ የሚያፍን፣ ሲያርፉ የሚተው ሕመም ከሆነ መጀመሪያ ልብን ጠርጥሩ።

እንደገቡ በ10 ደቂቃ ውስጥ የልብን ኤሌክትሪክ የሚመዘግበውን ኢሲጂ ተነስተዋል፤ ደህና ነበር። ትሮፖኒን የሚባለው የደም ምርመራም ሁለት ጊዜ ተሠርቶ ደህና ሆኗል። ትሮፖኒን የልብ ጡንቻ ሲጎዳ ወደ ደም የሚወጣ ፕሮቲን ነው። ጡንቻው ገና ካልተጎዳ ግን የጠበበ የልብ የደም ቧንቧ መኖሩን አይናገርም። ወደ እኔ የላኳቸውም ለዚሁ ነው። ኢሲጂው ሃርት አታክ ቢያሳይ ኖሮ በቀጥታ ቧንቧ ወደሚከፈትበት ክፍል ነበር የሚሮጡት።

የልብ ሲቲ ጥርት ብሎ እንዲወጣ የልብ ምት በደቂቃ ወደ 60 መውረድ አለበት። የሳቸው 88 ነበር።

«ቡና ጠጥተዋል?»

«እሁድ አይደል እንዴ! እስከ በረካ ነዋ።»

ነርሷ የልብ ምትን የሚያዘገየውን ሜቶፕሮሎል ሰጠቻቸው። ጠበቅን። 62 ሲደርስ ቧንቧው እንዲሰፋ ናይትሮግሊሰሪን ከምላሳቸው ሥር ተደረገ።

ቀጥሎ ያለውን ነገር ሳልነግር አልፌ አላውቅም። በክንድ የሚገባው አዮዲን ያለበት መድኃኒት ሰውነትን በሙቀት ያጥለቀልቃል። ሽንት ያመለጠ ይመስላል። በቋንቋቸው ያልተነገራቸው እናቶች ይደነግጣሉ፣ ያፍራሉ፣ ልባቸው እንደገና ይፈጥናል። ጎንበስ ብዬ «ቢመስልዎትም አያመልጥዎትም፤ መድኃኒቱ ነው» አልኳቸው። የማሽኑን የእንግሊዝኛ ድምፅ ዘግቼ ራሴ በአማርኛ አዘዝኩ። «አየር ይሳቡ። ይያዙ። እንዳይንቀሳቀሱ።» ቀረጻው ጥቂት ሰከንድ ነው።

በልብ ፊት ለፊት የሚወርደው ትልቁ ቧንቧ ስክሪኑ ላይ ነጭ ሆኖ መጣ። አንድ ቦታ ላይ ቀጥኖ ክር አከለ።

«ምን አየህ ልጄ?»

ምስሉን ማንበብ የራዲዮሎጂስቱ ሥራ ነው፤ እኔ እንድናገር አይፈቀድልኝም። «ምስሉ በደንብ ወጥቷል፤ ሐኪሙ ይነግርዎታል» አልኩ። ከሥራዬ ሁሉ እንዲህ ያለው ሰዓት ይከብደኛል። ወዲያው ስልክ አንስቼ ምስሉ ቶሎ እንዲታይ ለመንኩ።

ደረቱን ያመመው ሁሉ ሲቲ ይነሳ አልልም። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው ሮሚካት ሁለት የተባለ ጥናት በ9 የአሜሪካ ሆስፒታሎች 1000 ሕመምተኞችን ተከታትሏል። ሲቲ የተነሱት በተለመደው መንገድ ከተመረመሩት በአማካይ 7.6 ሰዓት ቀድመው ወደ ቤታቸው ሄደዋል። ጨረሩና ተከታይ ምርመራው ግን በዝቶባቸዋል። ኩላሊቱ የደከመ ሰውም አዮዲን ካለበት መድኃኒት መጠንቀቅ አለበት። ኢሲጂውና ደሙ ደህና ሆኖ ሕመሙ ለሚያጠራጥር እንደሳቸው ላለ ሰው ግን ዋጋው ትልቅ ነው።

በማግስቱ ቧንቧቸው በስቴንት፣ ማለትም ቧንቧውን ከፍቶ በሚይዝ ትንሽ የሽቦ መረብ፣ ተከፈተ። ማታ ሥራ ስገባ ልጠይቃቸው ጎራ አልኩ። ልጃቸው አጠገባቸው ተቀምጣለች፤ ዓይኗ ቀልቷል።

«ተልባውን ስበጠብጥላት የከረምኩት እኔ ነኝ» አለችኝ።

እናትየው እጇን ሳብ አድርገው ያዙ። «ጠጪ አልሽኝ እንዴ? እኔ አይደለሁ ያዘዝኩሽ» አሏት።